የአያቴ መስቀል ጀርባ

(ደብረ ብርሃን ላይ ለተሰበሰቡ ወጣቶች የተናገርኩት ነው። አንዳንድ ቦታ አሳጥሬዋለሁ፤ አነጋገሩን ግን እንዳለ ትቼዋለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ብርድ ከቤት ወጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። የደብረ ብርሃን የኅዳር ማታ ምን እንደሆነ ለናንተ አይነገርም።

እስቲ አንዴ እጃችሁን ወደ አንገታችሁ ላኩ። ማተብ ያሰረ አለ። መስቀል ያደረገ አለ። ስሟ በፊደል የተሠራ ሀብል ያደረገች ልጅም እዚህ ፊት ለፊት አያለሁ፣ በጣም ያምራል። አሁን አጠገባችሁ ላለው ሰው ሁለት ነገር ንገሩት። ማን ሰጠኝ? ማን ሠራው?

አያችሁ፣ የመጀመሪያውን ሁላችሁም መለሳችሁ። እናቴ፣ እጮኛዬ፣ የክርስትና እናቴ። ሁለተኛው ላይ ግን ዝም አላችሁ። እኔም እንደናንተ ነበርኩ። ዛሬ ላወራችሁ የመጣሁት ስለዚያ ሁለተኛው ጥያቄ ነው።

ከአያቴ መስቀል ልጀምር።

አያቴ የመንዝ ሰው ናት። አንገቷ ላይ በጥቁር ክር የታሰረች የብር መስቀል ነበረቻት። ትንሽ ናት፣ ቁመቷ ከአራት ሳንቲሜትር አይበልጥም። ፊቷ ላይ ክብ ክብ ነጠብጣብ ተመትቶባታል። አንደኛው ክንዷ ከሌላው ይሳሳል፤ አያቴ ስትጸልይ በአውራ ጣቷ የምታሻው እሱን ነበርና። ልጅ ሆኜ ጉልበቷ ላይ ተቀምጬ የምጫወተው ግን በጀርባዋ ነው። ጀርባዋ ላይ ላባ ነበር። ከላባው ጎን ደግሞ የማላነባቸው ሁለት የፈረንጅ ፊደላት። «እምዬ፣ ይሄ ምንድነው?» ስላት «የንግሥቲቱ አሞራ ነው» ትለኝ ነበር። የትኛዋ ንግሥት እንደሆነች አልጠየቅኳትም። እኔ ንግሥተ ሳባ መስላኝ ነበር።

ኋላ ነው የገባኝ። ንግሥቲቱ የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ ናት። አሞራውም በማሪያ ቴሬዛ ብር ጀርባ ያለው ባለ ሁለት ራስ ንስር። መስቀሏ ከአንድ ጠገራ ብር ተቆርጣ የወጣች ናት። አንጥረኛው ፊቷን ሞርዶ ሲያለሰልስ ጀርባዋን ትቶት ነው የንስሩ ክንፍ የቀረው።

ስለዚህ ብር ትንሽ ልበል፣ የብዙዎቻችን የቤት ጌጥ እናት ስለሆነ። ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1780 ነው። ከዚያ በኋላ የተመታው ሁሉ ይህንኑ 1780 የሚል ዓመት ይዞ ነው የሚወጣው፣ መቶ ዓመት ቆይቶ የተመታው ሳይቀር። አንዱ ብር 28 ግራም ገደማ ይመዝናል። ከመቶው 83 ያህሉ ንጹሕ ብር ነው፣ ቀሪው መዳብ። በታጁራ ወደብ በኩል በግመል የአፋርን በረሃ አቋርጦ ወደ ሸዋ ይገባ ነበር። የአንኮበር ሥር ገበያ የነበረችው አልዩ አምባ ላይ ከአሞሌ ጨው ጋር ጎን ለጎን ይሠራበት ነበር። ሰዉም ዝም ብሎ አይቀበለውም። አገላብጦ፣ የንግሥቲቱን የዘውድ ዕንቁ ቆጥሮ፣ የታሸ ከሆነ ይመልሰው ነበር። ይህን አስቡት። ላቲን የማያነብ ገበሬ የቪየናን ቅርጽ በጣቱ ጫፍ ለይቶ ያውቀዋል።

ገንዘቡም ማዕድኑም «ብር» የተባሉት በአጋጣሚ አይደለም። ጌጥ የሚፈልግ ሰው ብር ይዞ ወደ አንጥረኛ ይሄዳል። አንጥረኛው ያቀልጠዋል ወይም ይቀጠቅጠዋል። አምባር ይወጣዋል፣ አልቦ ይወጣዋል፣ ድሪ ይወጣዋል፣ ጉትቻ፣ የፀጉር ወለባ፣ አንገት ላይ ተንጠልጥላ የምትውለው የጆሮ ኩክ ማውጫም ሳትቀር። ስንት ብር እንደፈጀ ሁሉም ያውቃል። «የእናቴ ድሪ የአሥር ብር ነው» ስትባሉ ዋጋው እንዳይመስላችሁ። አሥር ጠገራ ገብቶበታል ማለት ነው። በ1937 ዓ.ም አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣና ጠገራው ከገበያ ሲነሳ ደግሞ በየቤቱ የቀረው ብር ሳጥን ውስጥ ገባ፣ ወይም አንገት ላይ ወጣ።

በአያቴ ቤት ታሪኩ እንዲህ ነው የሚነገረው። ቅድመ አያቴ በርኖስ ሸጦ አንድ ብር አገኘ። ልጁ ልትዳር ነው። ብሩን ይዞ አንጥረኛ ጋ ሄደና «ለልጄ መስቀል ሥራልኝ፣ ቁርጥራጩ ያንተ ነው» አለው። ከዳርና ዳሩ የተቆረጠው የእጅ ዋጋ ሆነ። ስለዚህ አያቴ አንገት ላይ የነበረው የአንድ ብር ግማሽ ያህል ነው። ሌላው ግማሽ ደግሞ የአንጥረኛውን ልጆች አብልቷል።

የዚህ አንጥረኛ ስም ማነው? አላውቅም። እናቴም አታውቅም። የቅድመ አያቴን ስም፣ የበርኖሱን ቀለም፣ የሠርጉን ወር ሳይቀር እናውቃለን። የሱን ስም ግን ማንም አልያዘም። አያቴን አንድ ቀን ጠይቄያት «ጠይብ ነዋ!» ብላኝ ነው ያለፈችው። ስሙ ይኸው ነበር ማለት ነው።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከልቤ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ጠይብ፣ ቀጥቃጭ፣ ቡዳ እያልን ኖረናል። ማረሻችንን ይሠራል፣ መስቀላችንን ይሠራል፣ የሙሽራዋን አምባር ይሠራል። እሱ ግን ማዕድ አይቀርብም፣ ልጁን አንድርለትም፣ ዓይኑ ይበላል ብለን ሕፃን እንሸሽግበታለን። ምኒልክ፣ እዚሁ አጠገባችን አንጎለላ የተወለዱት ምኒልክ፣ በ1900 ዓ.ም ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ አዋጅ አውጥተዋል። ብረት የሚሠራውንም ሸማ የሚሠራውንም ጠቅሰው ነው የከለከሉት። አዋጅ ያስፈለገው ነገሩ ምን ያህል ሥር ቢሰድ እንደሆነ አስቡት። እና ዛሬ «ባህላዊ ጌጣችን፣ ማንነታችን» ስንል በኩራት ነው፣ ኩራቱም ይገባናል። ግን ያንን ማንነት በእጁ የሠራውን ሰው ከማንነታችን ውጭ አድርገን ነው የኖርነው። ይህን ሳልናገር ስለ ጌጥ ውበት ማውራት አልችልም።

ሥራውን ደግሞ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ወናፉ፣ ከሰሉ፣ ጉጠቱ፣ ሞረዱ። ጨረቃ ወይም አበባ ያለበት ጌጥ ሲሆን መጀመሪያ በንብ ሰም ይሠራዋል። ሰሙን በጣቱ እያሞቀ፣ በእንጨት ጫፍ እየጫረ። ከዚያ በጭቃ ይለብጠዋል፣ ያደርቀዋል፣ እሳት ላይ ያደርገዋል። ሰሙ ቀልጦ ይፈስሳል። ባዶ በቀረው ቦታ የቀለጠው ወርቅ ወይም ብር ይገባል። ሲበርድ ጭቃው ይሰበራል። የቅኔ መምህሮቻችን «ሰምና ወርቅ» ያሉት ከዚህ ወስደው ነው። ጭቃው አንዴ ከተሰበረ ተመልሶ አይሠራም። ስለዚህ የዚያ ጌጥ መንትያ የለም። «በሰው ስም የተሠራ ጌጥ» አሁን በቲክቶክ የመጣ አዲስ ነገር አይምሰላችሁ። ድሮ ሁሉም ጌጥ በልክ፣ በሰው፣ በጉዳይ ነበር የሚሠራው። የአንዷ አምባር ለሌላዋ ክንድ አይሆንም።

ጌጡ ማን እንደሆንክም ይናገር ነበር። በሸዋው ንጉሥ በሣህለ ሥላሴ ዘመን ወርቅ እንዲሁ የሚደረግ ነገር አልነበረም፣ የንጉሥ ፈቃድ ይፈልጋል። ጀግና ተብሎ የተሸለመ ሰው ክንዱ ላይ የብር ቢተዋ ያጠልቃል። ገበያ ላይ ስታየው ስሙን ሳትጠይቅ ማን ሆኖ እንደመጣ ታውቃለህ። ዝቅ ስትሉ፣ ወደ ይፋት ቆላ፣ ሌላ ዓለም ነው። እሑድ ሰንበቴ ገበያ ላይ አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞው፣ አፋሩ ይገናኛል። የአንዷ ጨሌ ቀለም ከሌላዋ ይለያል፣ አንዷ ዶቃ ደርድራለች፣ ሌላዋ ደረቷ ላይ የብር ክታብ ማኅደር አንጠልጥላለች። ብሩ ግን አንድ ነው። ያው የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ለአንዷ መስቀል ሆኗል፣ ለአንዷ የዱዓ መያዣ ሆኗል። ይህንን ሳስብ ደስ ይለኛል።

ማተብን ደግሞ አትርሱ። ክር ነው፣ ሁለት ብር አያወጣም። ወንዱ በአርባ ቀኑ፣ ሴቷ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ሲነሱ ይታሰራል። ግን ሰው ሲያምኑት «ባለ ማተብ ነው» ይላሉ፣ የከዳውን «ማተብ የለሽ» ይሉታል። በማተቤ ብሎ የማለ ሰው አይጠረጠርም። ወርቁ ያላገኘውን ክብር ክሩ ያገኘው ከምን የተነሳ ነው? ማን እንዳሰረው ስለሚታወቅ ይመስለኛል። ቄሱ ይታወቃሉ፣ የክርስትና እናት ትታወቃለች፣ ቀኑ ይታወቃል።

አሁን ወደ መስቀሏ ልመለስ። አያቴ ስታርፍ መስቀሏ ለእናቴ ደረሰች፣ ከእናቴ ለእኔ። ማንጠልጠያዋ ሳስቶ ሊበጠስ ነበር። ክሩ ስንት ዓመት ሲያሻት! አዲስ አበባ ወስጄ አንድ ወርቅ ቤት ሰጠሁ። «ማንጠልጠያውን ብቻ በይዱልኝ» አልኩ። በሦስተኛው ቀን ስመለስ ባለሱቁ በፈገግታ «አዲስ አድርጌልሻለሁ» ብሎ በትንሽ ቀይ ሳጥን አቀበለኝ። ከፈትኩት። መስታወት መስላለች። ፊቷ ያበራል። ገለበጥኳት።

ላባው የለም።

ፊደላቱም የሉም። በማሽን አሽቶ፣ ጠርጎ፣ ልሙጥ አድርጓታል። የአያቴ አውራ ጣት ያሳሳው ክንድ እንኳን ከሌሎቹ ጋር እኩል እንዲሆን ሌሎቹ ተሞርደዋል። ሰውዬው ክፋት የለበትም። ቆሻሻ መስሎት ነው። ምን እንደሆነ እኔ አልነገርኩትም፣ እሱም አልጠየቀኝም። ታክሲ ውስጥ ገብቼ እስከ ቤቴ አለቀስኩ። ሰው አይቶኝ ለቅሶ ቤት የምሄድ መስሎት «እግዚአብሔር ያጥናሽ» አለኝ።

የሚገርማችሁ፣ የጀርባዋ ፎቶ የለንም። አንድም። አያቴ መስቀሏን አድርጋ የተነሳቻቸው ፎቶዎች አሉ፣ ሁሉም ከፊት ናቸው። እናቴ «ላባው ሦስት ነበር» ትላለች። አጎቴ «አራት ነው፣ እኔ በልጅነቴ ቆጥሬዋለሁ» ይላል። እኔ ራሴ አላስታውስም፣ እዚያ ጉልበት ላይ ስንት ቀን ተቀምጬ። እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። አሁን የቀረን ክርክሩ ነው።

ከዚያ ወዲህ ነው ይህን ነገር መከታተል የጀመርኩት። የጓደኞቼን እናቶች እየጠየቅኩ፣ ሳጥን እያስከፈትኩ። ብዙ ቤት የቀረው ትንሽ ነው። አንዳንዱ በችግር ጊዜ ተሽጧል፣ ይህን ማንም ሊወቅስ አይችልም፣ ጌጥ የተያዘው ለዚያም ቀን ነው። አንዳንዱ ለቱሪስት ወጥቷል። በ2013 ዓ.ም አጣዬ ስትቃጠል የወጣች አንዲት እናት እዚህ ደብረ ብርሃን አግኝቻት ነበር። ከቤቷ ይዛ የወጣችው ነጠላዋንና የአማቷን ጉትቻ ነው። «ለምን ጉትቻውን?» አልኳት። «የሷ አደራ ነዋ፣ የኔማ ወርቅ ቀርቷል» አለችኝ። ለራሷ የተገዛው ወርቅ ዋጋው የትና የት ይበልጥ ነበር።

ሌላው የሚጠፋበት መንገድ ግን በሰላሙ ጊዜ የሚሆነው ነው። ሠርግ ይደርሳል። ጥሎሽ መቅረብ አለበት። ሚዜዎቹ አንድ በአንድ እያነሱ ለሽማግሌዎቹ ሲያሳዩ ቀጭን ነገር እንዳይወጣ ይፈራል። የወርቅ ዋጋ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ የአያት ወርቅ ይወጣና ይቀልጣል። ሁለት የሙሽሮች ስም የተጻፈበት አዲስ ሀብል ይሆናል። ባለፈው አንዲት ልጅ በዚህ ጉዳይ ሞገተችኝ፣ ጥሩም ሞገተችኝ። «የአያትሽ መስቀልም እኮ የተቆረጠ ገንዘብ ነው። ያኔም አፍርሰው ነው የሠሩት። እኛ ስናቀልጥ ምን ነውር አለው?» አለችኝ።

ብዙ ቀን አሰብኩበት። ልጅቷ ልክ ናት፣ ጌጣችን ሁሉ ከመፍረስ የመጣ ነው። ልዩነቱ አንድ ይመስለኛል። ቅድመ አያቴ ያፈረሰው የማንም ያልሆነ ገንዘብ ነው። ዛሬ በዚህ እጅ፣ ነገ በዚያ እጅ የሚዞር። እሱን ወስዶ የአንዲት ልጅ አደረገው። እኛ አሁን የምናቀልጠው ደግሞ የአንዲትን ሴት ነገር ነው፤ ወስደን ግራም እናደርገዋለን። ባለሱቁ ሚዛን ላይ ያስቀምጥና «18 ካራት፣ ይህን ያህል ግራም» ይላል፣ አለቀ። እትዬ እገሊት ግራም ሆነች። አዲሱ ሀብል ላይ የናንተ ስም አለ፣ የሷ ግን የለም።

ሰዎች «ቅርስ አይቆረጥም» ሲሉም እሰማለሁ። እዚህ ላይ አልስማማም። መቁረጥና ማቅለጥ አንድ አይደሉም። የአንዲት የመርሐቤቴ ወዳጄ አያት ድሪ ለአራት ልጆች ተቆርጦ ተከፋፍሏል። አራቱም ከራሳቸው ዶቃ ጨምረው ሙሉ አድርገውታል። ለቅሶም ሠርግም ሲገናኙ የማን ቁራጭ የት እንዳለ እያዩ ይስቃሉ። አንድ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ከሚኖር ይህ አይሻልም? ጌጥ ካልተደረገ ያዝናል ትል ነበር አያቴ።

ስም ማስጻፍ የምትፈልጉ ልጆች፣ አስጽፉ። እኔ ደስ ይለኛል። የፊደላችን ቅርጽ ለብረት የተፈጠረ ነው የሚመስለው፣ «ጸ»ን ወይም «ሐ»ን በብር አይታችኋል? ግን ከመግዛታችሁ በፊት ምን እንደሆነ ጠይቁ። «የጀርመን ብር» የሚባል አለ። ስሙ ብር ይላል፣ ውስጡ መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ ነው፣ ብር የሚባል ጠብታ የለበትም። ለቄንጥ ከሆነ ችግር የለውም፣ ለልጅ ልጅ ከሆነ ግን ዕወቁት። ስሙንም ፊት ላይ ብቻ አታድርጉት። ጀርባውም አለ እኮ። ጀርባው ላይ የሰጠችህን ሰው ስም፣ የክርስትና ስሟን ቢሆን፣ ዓመቱን አስጽፍ። አሮጌ ጌጥ ስታስጠግኑ ደግሞ አፍ አውጥታችሁ ተናገሩ፦ «እንዳታሸው፣ እንዳትሞርደው፣ ጥቁረቱ ይቅር።» ከዚያ በፊት በስልካችሁ አንሱት፣ ፊቱንም ጀርባውንም። አያት ያላችሁ ዛሬ ማታ ደውሉ። «ይህን ማን ሠራው?» ብላችሁ ጠይቁና ድምፅዋን ቅዱ። ስሙን ባታስታውስ እንኳን ከየት አገር እንደነበር፣ ቤቱ የት ጋ እንደነበር ትነግራችኋለች። እኔ ይህን አልጠየቅኳትም። አሁን የምጠይቃት የለችም።

የመጨረሻውን ልንገራችሁና ልቀመጥ።

የእኅቴ ልጅ ዘንድሮ አሥራ ስምንት ሞላት። «አክስቴ፣ ስሜ ያለበት ሀብል ግዢልኝ» አለችኝ። እናቴ ሳጥን ውስጥ አንድ ሙሉ ጠገራ ነበር፣ ምንም ያልተነካ። እሱን ይዤ አንድ ሽማግሌ አንጥረኛ ጋ ሄድኩ። ከአባታቸው የወረሱት ሙያ ነው፣ ልጃቸው ግን ባጃጅ ነው የሚነዳው። ቁጭ ብዬ ሁሉን ነገርኳቸው፣ የአያቴን፣ የላባውን፣ የለቅሶዬን። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ ብሩን ተቀብለው አገላበጡት፣ ጥፍራቸውን በንስሩ ክንፍ ላይ አስኬዱና «አይነካም» አሉ።

መስቀል ቆረጡላት። ፊቱ ላይ የልጅቷን ስም በፊደል ቀረጹ። ጀርባው ላይ ላባዎቹ እንዳሉ ናቸው። ከላባዎቹ ሥር ባለው ጠባብ ቦታ የአያቴን የክርስትና ስም አስገቡልኝ። ከዚያ «አባባ፣ እርስዎም ስምዎን ያስቀምጡ» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። «የኔ ስም ምን ያደርግላችኋል?» አሉ። «የፊተኛውን አንጥረኛ ስም አላወቅነውም» አልኳቸው። ብዙ ቆዩ። መዶሻውን አስቀመጡ፣ መነጽራቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ፣ እንደገና አነሱት። ሥራቸው ላይ ስማቸውን ሲያስቀምጡ የመጀመሪያቸው እንደሆነ ኋላ ነው የነገሩኝ። እጃቸው ትንሽ ተንቀጥቅጧል፣ ሁለተኛዋ ፊደል ዘመም ያለች ናት።

ይኸው፣ ልጅቷን አስፈቅጄ ይዤው መጥቻለሁ። ከፊት ረድፍ ጀምሩና እጅ ለእጅ አሳልፉት። ፊቱን አይታችሁ እንዳታልፉ፣ ገልብጡት። መጀመሪያ ላባውን በጣታችሁ ዳብሱት፣ ከዚያ ከሥሩ ያለውን የአያቴን ስም፣ ከዚያ ጠርዙ ላይ ያለችውን ዘመም ያለች ፊደል። ከኋላ ያላችሁም ይደርሳችኋል፣ ቀስ ብላችሁ አሳልፉት።